ዝገትና ዝንጋታ

የምትወዱት ሰው፣ እናንተ ከልባችሁ የምትንቁትን ሰው ከእናንተ አብልጦ አምኖት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። የምወደው እናቴን ነው። የናቅሁት ደግሞ ዊንጌት፣ ታክሲ ከሚቆምበት ዝቅ ብሎ፣ በኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ አረንጓዴ ውሃ የሚሸጥ አንድ ጎልማሳ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ነገር በቅደም ተከተል ካልሄደ ያመኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እናቴ እዚሁ ጉለሌ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ዕድሜዋን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራ በጡረታ ወጣች። አሁን ቤት ሆና የጎረቤት ልብስ ትጠግናለች፤ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች። የዛሬ ዓመት ገደማ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቀላል ነበር። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። "ውሃ መጣ?" ትለኛለች። "መጥቷል፤ ሞልቻለሁ" እላታለሁ። ሻይዋን ሳትጨርስ "ውሃ መጣ እንዴ?" ትለኛለች። ሰው ሁሉ ይረሳል ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቅዳሜ ግን የጎረቤታችንን ሸሚዝ ጠግና ስታሳየኝ፣ በግራም በቀኝም ቁልፍ ተክላበታለች። ሁለት ረድፍ ቁልፍ ፊት ለፊት ተፋጦ ቆሟል። የቁልፍ ማስገቢያዎቹን በክር ደፍናቸዋለች። ስታየው እሷው ቀድማ ሳቀች።

"አየሽ፣ ሁለት ግትሮች ሲገናኙ እንዲህ ነው" አለችኝ።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ውሃ የምቀዳ መስዬ ወጣሁና ሮቶው አጠገብ ቆምኩ። ያቺ ሴት በሕይወቷ ስንት ሺህ ሸሚዝ በእጇ አልፏል። ሸሚዝ የረሳች ቀን ቀጥላ የምትረሳው እኔን ነው ብዬ አሰብኩ።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ ግፊቷን ለካና ፊቱን ቋጠረ። የደም ግፊት ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የአንጎልን ቀጫጭን ደም ሥሮች ሊጎዳ እንደሚችል ነገረን። ኪኒን አዘዘላት። "በየቀኑ፣ ሳያቋርጡ ይዋጣል። ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ለመርሳቱ ሌላ ምርመራ እናደርጋለን፤ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ አንዳንዱ የሚድን ነው" አለ። "የሚድን" የምትለዋን ቃል ይዤ ወጣሁ። ሌላውን ሁሉ እናቴ ትረሳዋለች፤ እሷን እኔ አልረሳትም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ነጯን ክብ ኪኒን በመዳፏ ላይ አስቀምጥላታለሁ። "ከቁርስ በኋላ" ትለኛለች። እኔም አምኜ እሄዳለሁ።

ከወር በኋላ ጠርሙሱ መጣ። ከማርያም ስዕል ሥር፣ ከጠበሉ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ላዩ ላይ ቅጠል የበቀለበት አንጎል ተስሏል። ከሥሩ "ፀረ ዝገት የአንጎል ጭማቂ" ይላል። ፀረ ዝገት የሚለውን ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ ያየሁት የብረት በር ቀለም ቆርቆሮ ላይ ብቻ ነበር።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"የጭንቅላት ነው።"

"ምን ያደርጋል?"

"ዝገት ያወጣል። አንጎሌ ዝጎ ነው የምረሳው። ኦክሲዳቲቭ ስትረስ ይባላል።" ሳትደናቀፍ ነው ያለችው። እኔ ተማሪዎቼን ይህንን ቃል ለማስባል ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል።

"ስትረስ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም እንዴ! ጭንቀት ነዋ። የኦክስጅን ጭንቀት። ከየት እንደመጣብኝም አውቀዋለሁ።"

"ከየት ነው የመጣው?"

"ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶሽ፣ ሳታገቢ እዚህ ቁጭ ብለሽ ደብተር ከምታርሚው።"

"ውስጡስ ምን አለበት?" አልኳት፣ ወሬውን ለመመለስ።

"ስሙ አይነገርም። ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል።"

ይህ የድሮ ሥርዓት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መድኃኒት ዐዋቂ ሥሩን ሲቆፍር እንኳ ሰው አያሳይም፤ ስሙን የሚያወርሰው ለአንድ ልጁ ነው። ዐዋቂን አልንቅም፤ ቢያንስ ሥሩን ቆፍሮታል። ይህ ሰውዬ ግን ሁለቱንም ነው የፈለገው። ደንበኛ ሲጠራ ላቦራቶሪ ነው፤ ጥያቄ ሲመጣ ደብተራ ነው። በፊት በር ሳይንስ ያስገባል፣ በጓሮ ምሥጢር ያስወጣል። ከእንጦጦ ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወርደው የሚሸጡለት ሴቶች ስሙን ከሱ በተሻለ ያውቁታል፤ ቢጠይቋቸው ሳይለመኑ ይናገራሉ።

ያን ምሽት የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ሥዕል ሠርቼ ለእናቴ አስረዳኋት። ለእናንተም ላስረዳ። ሰውነታችን በኦክስጅን አማካይነት ከምግብ ጉልበት ሲያወጣ፣ እንደ እሳት ፍንጣሪ ከመስመር የሚወጡ ቁጡ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። ያገኙትን ሁሉ ይነካሉ። ጤነኛ ሴል ፍንጣሪውን የሚያጠፋበት የራሱ መሣሪያ አለው፤ ፍንጣሪው ከማጥፊያው ሲበዛ ነው ኦክሲዳቲቭ ስትረስ የሚባለው። አንጎል ብዙ ኦክስጅን ስለሚጠቀም ለዚህ የተጋለጠ ነው። ጦስኝም፣ የጥብስ ቅጠልም፣ ሽፈራውም ውስጣቸው ፍንጣሪ የሚያበርድ ነገር አላቸው። ተመራማሪዎች የአንጎል ሴል በትንሽ ሳህን ላይ አሳድገው ጎጂ ኬሚካል ያፈሱበታል፤ የቅጠል ጭማቂ ያገኘው ሴል አንዳንድ ጊዜ ካላገኘው ተሽሎ ይተርፋል። ይህ እውነት ነው፤ ደስም ይላል። ሳህን ላይ ያለ ሴል ግን ሆድ የለውም፣ ጉበት የለውም። እናቴ የምትጠጣው ጭማቂ መጀመሪያ ጨጓራዋን፣ ቀጥሎ ጉበቷን ማለፍ አለበት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ወደ አንጎል የሚገባውን ሁሉ እየፈተሸ የሚያሳልፍ ጥብቅ በር አለ። በዚያ በር ምን ያህሉ እንደሚገባ ኮንቴይነር ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሥዕሉን ጨርሼ ቀና ስል እናቴ አገጯን በመዳፏ ይዛ እያየችኝ ነው።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"እሱ እኮ በአንድ ቃል ነው የሚያስረዳው" አለችኝ። "ዝንጋታ የሚመጣው ከዝገት ነው።"

ዝገትና ዝንጋታ። ይኸው ነው የሰውየው ዕውቀት በሙሉ። ሁለት ቃላት በአንድ ፊደል ስለተነሱ ብቻ አንዱ የሌላው እናት ሆነ። በዚህ ዓይነት ቀበሌን ከቀበሮ ማዛመድ ይቻላል። ግን ጆሮ ላይ ያምራል፤ ያማረውን ደግሞ እናቴ እንኳ አትረሳውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ማለዳ የግቢው በር ቁልፍ ጠፋ። ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ልዘገይ ነው። ቤቱን አተራመስኩት።

"እማዬ፣ ቁልፉን የት አደረግሽው?"

"ቁልፍማ ቆርቆሮው ውስጥ ነው" አለች፣ ዓይኗን ከስፌቷ ሳታነሳ።

ቆርቆሮው የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ከፋብሪካ ጀምሮ የሸሚዝ ቁልፍ የምታጠራቅምበት። እኔ የበር ቁልፍ ስፈልግ እሷ የሸሚዝ ቁልፍ እያሰበች እንደሆነ የገባኝ ከከፈትኩት በኋላ ነው። የበር ቁልፍ የለም። ነጫጭ፣ ክብ የሸሚዝ ቁልፎች ሞልተውበታል። አንዱን አነሳሁና ቀዳዳ አጣሁበት። ሌላም አነሳሁ፤ እሱም ቀዳዳ የለውም። ከቁልፎቹ መካከል በየጠዋቱ በመዳፏ ያስቀመጥኩላት ኪኒኖች ተደባልቀው ተኝተዋል።

"እማዬ!"

"እ... ማለቴ፣ አንቺ እንዳትናደጂ ብዬ ነው" አለች። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። "ኬሚካልና ተፈጥሮ በአንድ ሆድ አይውሉም አለኝ። አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።"

"የሱን መረጥሽ?"

"አንቺ ኪኒን ሰጥተሽኝ ትሮጫለሽ። እሱ ቁጭ አድርጎ ያጫውተኛል።"

የበሩ ቁልፍ ራሱ በሩ ላይ ተሰክቶ ነበር የተገኘው።

የዚያን ቀን ጠርሙሱን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሊትመስ ወረቀት ነከርኩበት፤ ሰማያዊው ወዲያው ቀላ። አሲድ ነው። አሸተትኩት፤ ጦስኝና ሎሚ። ለዚህ ነው እናቴ የግፊቷን ኪኒን ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር የቀላቀለችው። ቅዳሜ ጠዋት ቀይ የሆነችውን ወረቀት በወረቀት ጠቅልዬ፣ በቦርሳዬ ይዤ፣ ወደ ዊንጌት ወረድኩ። በመንገድ ላይ የምናገረውን በቁጥር እየከፋፈልኩ ነበር፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።

ሱቁ በር ላይ ሦስት ሴቶችና አንድ ከዘራ የያዙ አባት ቆመዋል። ሰውየው ከጋዋኑ ኪስ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል፤ ጋዋኑ ላይ የቲማቲም ፍንጣቂ አለ። ሐኪም ቲማቲም አይቆርጥም አላልኩም፤ ግን በጋዋን አይቆርጥም።

"ይግቡ እህቴ፣ ተራ ይዘው" አለኝ።

"ተራ አልፈልግም። እርስዎን ነው የምፈልገው" አልኩት። እኔ ሰው ስንቅ "እርስዎ" እላለሁ። አንተ ማለት መቅረብ ነው።

እሱ ግን ሴቶቹን እያስረዳ ስለነበር በእጁ ትንሽ እንድታገሥ አሳየኝና ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አለ። በአንዱ ንጹህ ውሃ ውስጥ የዛገ ሚስማር ተኝቷል። በሌላው አረንጓዴ ጭማቂ ውስጥ ሌላ ሚስማር። ሁለተኛውን አወጣ። በነጭ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ወለወለው። ወደ ብርሃን ከፍ አደረገና ዝም አለ። ሚስማሩ አብረቀረቀ። ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ "እናንተም ውስጣችሁ እንዲህ ነው" አለ።

ሦስት ጊዜ መወልወሉ፣ ወደ ብርሃን ማንሳቱ፣ ዝም ማለቱ፣ ሁሉም የማውቀው ነገር ነው። ክፍል ውስጥ እንዲህ ነው የማደርገው። ዝምታው ጭምር የኔ ነው።

"ይሄን ማን አስተማረዎት?" አልኩት። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ቀጠነ።

ዞሮ አየኝ። ፊቱ በራ።

"እንዴ! ቲቸር! እርስዎ ነዎት እንጂ!" ወደ ሴቶቹ ዞረ። "እናቶቼ፣ መምህሬን ተዋወቁልኝ! የእድሩ ቀን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው!"

ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የእድራችን ሊቀመንበር በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ስለ ጤና አጭር ትምህርት እንድሰጥ ጠይቀውኝ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የዛገ ሚስማር ከጠዋት ጀምሮ ሎሚ ጭማቂ ውስጥ ነክሬ ሄድኩ። "ሰውነታችንም ኦክስጅን ስለሚጠቀም ቀስ በቀስ እንደ ብረት ይዝጋል" አልኩ። "አንጎል ደግሞ በቶሎ ይነካል። በዕፅዋት ውስጥ ይህን የሚከላከል ነገር አለ።" ሚስማሩን አወጣሁ፣ ወለወልኩ፣ ከፍ አደረግሁ። ድንኳኑ ሙሉ አጨበጨበ። "ይህ ግን ምሳሌ ብቻ ነው" የሚለውን ክፍል ልጀምር ስል ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አሳዩኝ፤ ቀጥሎ ስለ ድንኳኑ ወንበሮች ስብራት መነጋገር ነበረባቸው። ጭብጨባው ስላስደሰተኝ አልተከራከርኩም። ቁጭ አልኩ።

"ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ" አለ ሰውየው። ከጠረጴዛው መሳቢያ ደብተር አወጣና ገለጠልኝ። "ይኸው፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም።"

አላመለጠውም። ርዕሱን አስምሮበታል፤ ንዑስ ርዕሶቹን ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ ሚስማሩን በእርሳስ ሥሎታል። እዚህ ላይ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ማስታወሻ በሥርዓት የያዘልኝ ተማሪ ያ ሰውዬ ብቻ ነው።

"ይሄ ጭማቂ ሎሚ ነው!" አልኩ፣ ለሰዎቹ። ወረቀቴን አወጣሁ። "ሎሚና ጦስኝ! ተመልከቱ፣ ቀልቷል!"

"አዎ፣ ሎሚ አለበት!" አለ እሱ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "ሎሚ ዝገት እንደሚያወጣ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ ቲቸር?"

"የብረት ዝገት! አንጎል እኮ ብረት አይደለም!"

"'እንደ ብረት ይዝጋል' ነው ያሉት። ጽፌዋለሁ።" ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ።

"ምሳሌ ነው እሱ!"

"ጌታችንም በምሳሌ ነው ያስተማረው" አሉ ባለ ከዘራው አባት፣ ነገሩ ያለቀ ያህል።

አንደኛዋ ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "የኔ እህት፣ አንቺስ ከቁርስ በፊት ነው የምትጠጪው ወይስ በኋላ?" አለችኝ።

"ከኪኒን ጋር አይውልም ብለው ለእናቴ የነገሯትስ?" አልኩት። "ግፊት ያለባት ሴት ናት! መድኃኒቷን አቋርጣለች!"

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ጋዋኑን አስተካከለ። "እኔ ተዉ አላልኩም። አይስማማም ይባላል ነው ያልኩት።"

"ማን ነው የሚለው?"

"ይባላል።"

ሦስቱም ሴቶች ጠርሙሳቸውን ያዙ። ሲሄዱ ሰውየው ለኔም አንድ በእጄ አስያዘኝ። "ለቲቸር በነጻ ነው" አለ። ወያላው "አስኮ! አስኮ!" ሲል እየሰማሁ፣ አረንጓዴ ጠርሙስ ታቅፌ፣ አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛዬን ሁሉ ይዤ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ እናቴ የማሽኑን መርፌ እየቀየረች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ የእድሩን፣ የደብተሩን፣ የጨርቁን። እናቴ የዚያን ቀን ስብሰባ ጉንፋን ይዟት አልመጣችም ነበር።

"ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ያስተማርሽው?" ሳቋ መጣ። "ታዲያ ምን ያናድድሻል? ጎበዝ ተማሪ ወጣልሽ።"

ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ፊቴን በእጄ ያዝኩ። እናቴ ያላሰብኩትን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

"ሚስማሩ በኋላ ምን ሆነ?"

"የቱ ሚስማር?"

"በሎሚ የነከርሽው። በነጋታው ምን ሆነ?"

"እኔ እንጃ። ጣልኩት።"

"አላየሽውም?"

"አላየሁትም።"

እናቴ ወንበሯን ወደኔ አዞረች። "ፋብሪካ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ነበረች" አለች። "የዛጉ መርፌዎች አገኘችና እንዳይጣሉ ብላ በሎሚ ዘፈዘፈቻቸው። መስታወት ሆኑ። ሁላችንም አደነቅናት። ማሽን ላይ ገቡ፤ ምሳ ወጣን። ስንመለስ መርፌዎቹ ከድሮው ብሰው ዝገዋል። ነጭ ኮሌታ ሁሉ ላይ ቡኒ ነጥብ። ስንት ደርዘን ኮሌታ እንደተጣለ! አለቃችን ምን አላት መሰለሽ፤ 'ዝገቱን ነው ያወጣሽው፣ መዛጉን አላወጣሽውም'።"

ውሃ መምጣቱን የረሳች ሴት ይህን ከነቃሉ አስታወሰች። የመርፌውን ዝገት፣ የኮሌታውን ነጥብ፣ የልጅቷን ፊት ሁሉ።

"እስቲ እንየው" አለች።

እሑድ ከመርፌ ሣጥኗ ሁለት የዛጉ መርፌዎች መረጠች። አንዱን በራሱ በሰውየው ጭማቂ ውስጥ ነክራ አሳደረችውና ሰኞ ማለዳ አወጣችው፤ ወለወለችው፤ አበራ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኛችውና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ሁለተኛውን በአሸዋ ወረቀት ፍቃ፣ አድርቃ፣ የማሽን ዘይት ቀብታ ከጎኑ አኖረችው። እኔ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር ሳስተምር የማስበው ስለ መስኮቱ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ እናቴ እጇን አጣምራ መስኮቱ ሥር ቆማለች። በጭማቂው ያበራው መርፌ ቀልቷል። ጨርቁ ላይ የራሱን ቅርጽ በቡኒ አትሟል። ዘይት የተቀባው እንደነበረ ነው።

"ይሄ ሰውዬ መርፌ ይዞ አያውቅም" አለች እናቴ፣ በሙሉ ንቀት። እኔ ስንቅ እንኳ እንዲህ አልችልበትም።

አስተማሪነቴ አልለቀቀኝም። "እማዬ፣ ይግባሽ ግን፣ አንጎል መርፌ አይደለም። ኪኒኑም ዘይት አይደለም። አሲድ ብረት ሲነካ፣ እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኘው..."

"አውቃለሁ" አቋረጠችኝ። "አንጎሌ መርፌ እንዳልሆነማ አውቃለሁ። እኔ ያልኩት ሌላ ነው። ግማሹን አሳይቶ የሚሄድ ሰው መድኃኒት አይሰጠኝም።"

ይህን ስትል ሰውየውን እያሰበች ነበር። እኔ ግን ድንኳኑን አሰብኩ፤ ጭብጨባውን፤ እንደተጨበጨበልኝ ቁጭ ማለቴን። ሰውየው ከኔ ትምህርት ላይ የቆረጠው ነገር የለም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ የተሰጠውን ገለበጠ።

እናቴ የብስኩቱን ቆርቆሮ አወረደች። ትሪ ላይ ዘረገፈችውና ኪኒኑን ከቁልፍ መለየት ጀመረች። ጣቶቿ እንደ ድሮው ይሮጣሉ፤ ሳታይ፣ በቀዳዳው ብቻ። አንድም አልተሳሳተችም። የተለቀሙትን ኪኒኖች ጤና ጣቢያ መለስናቸውና ሌላ ሰጡን። አሁን ኪኒኗን በመዳፏ ሰጥቼ አልሮጥም። አብሬያት ቁርስ በልቼ፣ ስትውጥ አይቼ፣ ትንሽ አጫውቻት ነው የምወጣው። ለዚያ ብዬ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እነሳለሁ።

መርሳቷ አልጠፋም። ግፊቷ ወርዶ ለሁለተኛው ምርመራ ቀጠሮ ተይዞላታል፤ "የሚድን" የምትለዋን ቃል ይዤ እየጠበቅሁ ነው። ትናንት "ውሃ መጣ?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ሰውየው አሁንም እዚያው ነው፤ ጋዋኑን አጥቦታል፤ ግድግዳው ላይ "በመምህራን የተመሰከረለት" የሚል ጽሑፍ ጨምሯል። ሊቀመንበሩን ያቋረጥኩትን ትምህርት ልጨርስ ብዬ ብጠይቃቸው "ልጄ፣ ያስተማርሽን እኮ በቂ ነው፤ ሁሉም ገብቶታል" አሉኝ።

ስለዚህ ለእናንተ ልጨርሰው። አንድ የዛገ ሚስማር ፈልጉ። ሎሚ ጨምቃችሁ ከአንድ ማለዳ እስከ ሌላው ማለዳ ንከሩት። አውጡት፣ ወልውሉት፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጉት፤ ያበራል፤ ልባችሁ ደስ ይበለው። ከዚያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኙትና ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ስትመለሱ ሚስማሩን ከማንሳታችሁ በፊት የምታምኑትን ሰው፣ በተለይ ጠርሙስ የገዛውን፣ ጥሩና አብራችሁ እዩት። እባካችሁ፣ እስከዚያ ድረስ ሚስማሩን አትጣሉት።